ሱስ የሚያሳምመው አንድ ሰው ብቻ አይደለም

በሱስ የተያዘ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ፣ ገና ሐኪም ዘንድ ሳይኬድ፣ መተማመን ይጎዳል። ደሞዙ የት ገባ? ስልኩ ለምን ተዘጋ? የጠፋውን ቀለበት ማን ወሰደው? ጥያቄው ይበዛል፣ መልሱ አልጨበጥ ይላል። ሚስት ኪስ መፈተሽ ትጀምራለች። እናት ቦርሳዋን ትራስ ሥር አድርጋ ትተኛለች። ልጆች የአባታቸውን ኮቴ ሰምተው ማታው እንዴት እንደሚያልፍ መገመት ይለምዳሉ። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ድምፅ ሳይሰማ ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ዘመድ እንዳያውቅ እየተባለ።

ሕክምናው ሲጀመር ጥያቄው ሁሉ ወደ አንዱ ሰው ይዞራል። ስንት ትጠጣለህ? ከመቼ ጀምሮ? ለማቆም ሞክረሃል? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቀውን ሴት ግን ብዙ ጊዜ ማንም ምንም አይጠይቃትም።

እኔ መናገር የምፈልገው ስለ እሷም ጭምር ነው። ሱስ ግንኙነትን የሚያቆስል ከሆነ ሕክምናው ግንኙነቱን ማየት አለበት። ግንኙነቱን ለማየት ደግሞ ሰዎቹ የሚኖሩበትን ባህል መጠየቅ ግድ ነው። ጥሩ ሚስት ምን ታደርጋለች? ጥሩ ልጅ እስከ የት ይታገሣል? ወንድም ገንዘብ ሲጠይቅ እምቢ ይባላል ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሁሉም ሰው መልስ አንድ አይደለም።

ሱስ ከፍቅር ጋር ለምን ይጋጫል?

አልኮል፣ ኒኮቲን፣ ኮኬይን፣ ሄሮይን በአንጎል ላይ የሚሠሩት በተለያየ መንገድ ነው። ሁሉም ግን ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋሉ። ዶፓሚን አንጎልን "ይሄ ነገር ያስፈልግሃል፣ ድገመው" ይለዋል። ድግግሞሹ ሲበዛ አንጎል ከሁኔታው ጋር ራሱን ያስማማል። ድሮ ደስ ይሉ የነበሩ ነገሮች፣ የልጅ ሳቅም ሆነ የጓደኛ ጨዋታ፣ ይደበዝዛሉ። ስሜትን ለመግታትና አርቆ ለማሰብ የሚረዳው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ይዳከማል።

"ብትወደን ኖሮ ትተወው ነበር" የሚለው ንግግር ከቁስል የሚወጣ ነው፤ ማንም ሊቆጣበት አይገባም። ግን በሽታውን አይገልጸውም። ሰው ቤተሰቡን ከልቡ እየወደደ መተው ሊያቅተው ይችላል። ይህን ማወቅ ጥፋቱን አያጠፋለትም። የት ላይ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ግን ያሳያል።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ የመጠጥና የዕፅ ሱስን የሚለየው በ11 መስፈርቶች ነው። 2 ወይም 3 ከተሟሉ ቀላል፣ 4 ወይም 5 መካከለኛ፣ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ይባላል። ከ11ዱ ውስጥ 3ቱ በቀጥታ ከሰው ጋር ስላለ ኑሮ ናቸው። በቤት፣ በሥራ ወይም በትምህርት ያለን ግዴታ አለመወጣት አንዱ ነው። ከሰው ጋር እያጣላ እንኳ መቀጠል ሌላው ነው። ሦስተኛው ማኅበራዊ ኑሮን፣ ሥራንና መዝናኛን እየተዉ መሄድ ነው።

በዚያው ዓመት ቁማር ከሱሶች ምድብ ገባ። የቁማር መስፈርቶች 9 ናቸው፤ በ12 ወር ውስጥ 4ቱ ከታዩ ሕመሙ አለ ይባላል። ከእነሱ መካከል የቁማሩን መጠን ለመደበቅ መዋሸት፣ የቅርብ ግንኙነትን አደጋ ላይ መጣልና ዕዳን ለመክፈል የሌላ ሰው ገንዘብ ላይ መደገፍ አሉ። ቁማር ትንፋሽ ላይ አይሸትም፣ እግርን አያንገዳግድም። ስልክ ላይ ተቀምጦ፣ አጠገብ ሚስት ተኝታ እያለ፣ የቤት ኪራይ ያልቃል። ቤተሰብ የሚያውቀው አበዳሪ በር ሲያንኳኳ ነው።

"ግዴታን አለመወጣት" የሚለውን መስፈርት ደግሞ ቆም ብለን እንየው። የማን ግዴታ? ለማን? የበኩር ልጅ ወላጆቹን የመጦር አደራ ባለበት ማኅበረሰብ የሚኖር አንድ ሰው እናስብ። በየወሩ ለአባትና ለእናቱ ሳያጓድል ይልካል። የቀረውን ይጠጣበታል። ወላጆቹ ቢጠየቁ "እንደሱ ያለ ልጅ የለም" ይላሉ። ሚስቱ ብትጠየቅ የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ሁለት ወር አልፎታል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ባለሙያው አንዱን ወገን ብቻ ከሰማ ግማሹን በሽታ ይዞ ይሄዳል።

ቤተሰብ ላይ የሚወድቀው ሸክም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከአልኮል አጠቃቀም ጋር የተያያዘ ሕመም ነበረባቸው። 209 ሚሊዮኑ ጥገኛ የሆኑ ነበሩ። በዚያው ዓመት አልኮል ለ2.6 ሚሊዮን ሞት ምክንያት ሆኗል። ይሄ ቁጥር በአብዛኛው ጠጪዎቹን ነው የሚቆጥረው። አብሮ የሚኖረውን፣ የሚያበድረውን፣ ሆስፒታል የሚያመላልሰውን ሰው ማን ይቆጥረው?

ይህን ጥያቄ አጥብቆ የጠየቀ ሰው አለ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጂም ኦርፎርድ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሦስት በጣም የተለያዩ ቦታዎች የቤተሰብ አባላትን አነጋገረ፦ በሜክሲኮ ሲቲ፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝና በሰሜን አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በመጽሐፍ ወጣ። ጭንቀቱ በሦስቱም ቦታ ተመሳሳይ ነበር። ስለ ሰውየው መሥጋት፣ ለራስ መፍራት፣ ገንዘብ ማጣት፣ ምን ማድረግ እንደሚሻል ግራ መጋባት። እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ ድብርት።

ሰዎች ይህን የሚቋቋሙባቸው መንገዶችም በሦስት ሊጠቃለሉ ቻሉ። አንዱ መጋፈጥ ነው፤ መጨቃጨቅ፣ መለመን፣ መቆጣጠር፣ ጠርሙስ መድፋት። ሌላው መቻል ነው፤ ዝም ማለት፣ ዕዳውን መክፈል፣ ለአለቃው "አሞት ነው" ብሎ መደወል። ሦስተኛው መራቅ ነው፤ የራስን ኑሮ መቀጠል፣ አንዳንዴም ቤቱን ለቆ መሄድ። ቦታዎቹ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ ከሌላው ይልቅ መራቅና ለራስ መኖር ጎላ ብሎ ይሰማል። በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ዘመድ ለዘመድ ያለውን የማካፈል ልማድ ስላለ ገንዘብ ለሚጠይቅ ጠጪ እምቢ ማለት እጅግ ይከብዳል። በሜክሲኮ ሲቲ ድህነትና የቤተሰብ ትስስር ተደራርበው ለብዙ ሴቶች መውጫውን ያጠቡት ነበር።

ከሦስቱ ትክክለኛው የትኛው ነው? ኦርፎርድና ባልደረቦቹ አንዱን መርጠው አይመልሱም። እያንዳንዱ መንገድ የሚያስገኘውና የሚያስከፍለው አለው። የትኛው ለማን እንደሚሻል የምታውቀው ሴትዮዋ ናት፤ የባለሙያው ድርሻ ከእሷ ጋር ሆኖ ማመዛዘን ነው። እኔ ይህን አቋም እወደዋለሁ። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ የተስፋፋ ሌላ አስተሳሰብ አለ። እሱ እንደሚለው ከሱሰኛ ጋር የምትኖር ሴት ራሷም የታመመች ናት፤ ለሰው መኖርን የለመደ፣ መለየትን የሚፈራ ባሕርይ አላት። ሱሱን የምታቆየውም በከፊል እሷ ናት። ይህ ንግግር ለአንዳንድ ሰው ዓይን ገላጭ ሆኗል። መተሳሰብ እንደ ክብር በሚታይበት ቤት ላደገች ሴት ግን ስድብ ነው። ዓመታት ቤቱን ተሸክማ ያቆየችው እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ለበሽታው ተጠያቂ ተደረገች። ሁለተኛ ቀጠሮ ላይ ባትመጣ ምን ይገርማል?

መጠየቅ ሙያ ነው

ባህልን ያገናዘበ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ዝርዝር መሸምደድ ነው። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው፣ የዚያ ሃይማኖት ተከታይ እንዲህ ያምናል። እንዲህ ዓይነቱ ሽምደዳ ጭፍን ግምትን ነው የሚያስተምረው። አንድ ቤት ውስጥ እንኳ አባት "ኃጢአት ነው" ሊል፣ ልጅ "በሽታ ነው" ሊል፣ እናት "ያ ጓደኛው ነው ያበላሸው" ልትል ትችላለች። የትኛው ነው "ባህላቸው"?

የሐርቫርዱ የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን እ.ኤ.አ. በ1978 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በጻፈው ጽሑፍ ሐኪሞች ለሕመምተኛው ሊያቀርቧቸው የሚችሉ 8 ጥያቄዎችን አስቀመጠ። ችግሩን ምን ብለህ ትጠራዋለህ? ምን ያመጣው ይመስልሃል? ከሕመሙ በጣም የምትፈራው ምንድን ነው? ቀላል ይመስላሉ። ሐኪሙ ሰውየውን ከማስተማሩ በፊት ከሰውየው እንዲማር ያስገድዱታል። በኋላም የ2013ቱ የአሜሪካ መመሪያ በዚሁ መንፈስ 16 ጥያቄ ያለው የቃለ መጠይቅ መሣሪያ አካተተ። ለቤተሰብ አባል የሚቀርብ ለብቻው የተዘጋጀ ቅጂም አለው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ችግሩን ለቤተሰብህና ለወዳጆችህ ስትነግራቸው እንዴት ብለህ ነው የምትገልጸው ይላል። ሌላው በአካባቢህ ያሉ ሰዎች ችግሩን ምን አመጣው ይላሉ ይላል።

ይህ በሱስ ላይ ለምን ይጠቅማል? አንድ ሰው ለሐኪሙ "ሥራ አስጨነቀኝ" ይላል፣ ለሚስቱ "ጓደኞቼ ገፋፉኝ" ይላል፣ ለአባቱ ደግሞ ምንም አይልም። የሚናገረው የሚለያየው በየቦታው የሚያጣው ነገር የተለያየ ስለሆነ ነው። "በጣም የምትፈራው ምንድን ነው?" ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ስለ ጉበት አይደለም። "ልጄ እንደ እኔ በአባቱ እያፈረ እንዳያድግ" ዓይነት ነው። ሕክምናው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

ሐኪሞቹ ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሬይ-ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1998 ባህላዊ ትሕትና የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ባለሙያው የሌላውን ባህል "ጨርሻለሁ፣ አውቄዋለሁ" አይልም፤ የራሱን አመለካከትና ሥልጣን ሁልጊዜ እየመረመረ ይማራል። የሐኪሙም አመለካከት ባህል ነውና። "ለራስሽ ኑሪ" የሚለው ምክር ከሰማይ የወረደ እውነት አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ የወለደው ምክር ነው። ለአንዷ ነፃነት፣ ለሌላዋ ከወንድም ከእህት ተቆርጦ መቅረት ሊሆን ይችላል።

ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ የሚያበላሽ ነገርም አለ። ስደተኛ ቤተሰብ ሕክምና ሲሄድ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ የተለመደ ነው። የ12 ዓመት ልጅ አባቱ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ እናቱን መትቶ እንደሆነ እንዲተረጉም ይደረጋል። ይህ መሆን የለበትም። ከዚያው ማኅበረሰብ የመጣ አዋቂ አስተርጓሚም ቢሆን ሥጋት አለው፤ ነገ በሠርግና በለቅሶ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ማን እንዲተረጉምላቸው እንደሚፈልጉ አስቀድሞ መጠየቅና ምሥጢር እንዴት እንደሚጠበቅ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ቤተሰቡ ምን ማድረግ ይችላል?

"ራሱ ካልፈለገ ምንም ማድረግ አይቻልም" የሚለው አባባል በየቦታው ይሰማል። ሙሉ እውነት አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ማየርስና ባልደረቦቹ ሕክምና እምቢ ላለ ሰው ቤተሰቦች የሚሆን ሥልጠና አዘጋጅተዋል። ሰውየው ሳይጠጣ ሲውል አብሮ መሆን፣ የሚወደውን ማድረግ። ሲጠጣ ያለ ጭቅጭቅ ገለል ማለት። ያጠፋውን አለመሸፋፈን። ስለ ሕክምና የሚነሣበትን ሰዓት መምረጥ፤ የጠጣበት ማታ ሳይሆን የተጸጸተበት ጠዋት። በተጨማሪም የራስን ጤናና ወዳጅነት መጠበቅ። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት በዚህ መንገድ ከሠለጠኑት ቤተሰቦች ዘንድ 64 በመቶ የሚሆኑት ሕመምተኞች ሕክምና ጀመሩ። ቤተሰብ ተሰብስቦ በድንገት በሚያፋጥጥበት ዘዴ የጀመሩት 30 በመቶ ነበሩ። የጠጪዎች ቤተሰቦች በሚደጋገፉበት በአል አኖን ማኅበር ላይ የተመሠረተው ድጋፍ ውጤት 13 በመቶ ነበር። አል አኖን ግን እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ለቤተሰቡ ራሱ መጽናኛ እንዲሆን እንጂ ጠጪውን ሕክምና ለማስገባት አልነበረም፤ ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ መመዘን አይገባውም።

ይህን ዘዴ እንዳለ ወስዶ በሁሉም ቤት መተግበር ግን አይቻልም። "ገለል በሉ" ይባላል፤ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነስ? "ያጠፋውን አትሸፋፍኑ" ይባላል። ሰክሮ ደጅ ላይ ቢያድር ጎረቤት ያየዋል። በአንዳንድ ማኅበረሰብ ኀፍረቱ የእሱ ብቻ ይሆናል። በሌላው ግን የእህቱ ጋብቻ ይፈርሳል፣ እናቱ ከሰው መሐል ትቀራለች። ትምህርት ይሆነዋል የተባለውን ቅጣት የምትቀጣው ምንም ያላጠፋች ሴት ናት። አማካሪው "ይሄን ብታደርጊ ዋጋውን ማን ይከፍላል?" ብሎ ሳይጠይቅ ምክር ቢሰጥ ጉዳት ነው የሚያደርስ።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ባህል አይለወጥም፣ ቤተሰቦችም ሊያውቁት ይገባል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣን ሰው ቤት ቆልፎ በድንገት ማስቆም አደገኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ ሕመም ሊነሣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የልብ ምት መጨመር ሊመጣ ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል። በፍቅር የተደረገ ነገር ሞት እንዳያመጣ ማቆሙ በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። ሄሮይንና መሰል ዕፆች ላይ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው። ለሳምንታት ካቆመ በኋላ የድሮውን መጠን ቢወስድ ሰውነቱ ስለማይችለው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

እምነትን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ጸሎትና የሃይማኖት አባቶች ምክር ለብዙ ሰው የመጀመሪያው በር ነው። ይህን በር የሚዘጋ ሐኪም ሕመምተኛውን ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ ብዙው ሰው ሐኪሙን አይመርጥም። አብሮ መሥራት ይቻላል። መድኃኒት ለሚያስፈልገው ሰው፣ ለምሳሌ የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሰውን ናልትሬክሶን ወይም ለሄሮይን የሚሰጠውን ሜታዶን ለሚወስድ፣ "መድኃኒቱን አቁመህ በእምነት ብቻ ዳን" የሚል ቃል ሲመጣ ግን ዝም ማለት አይገባም። የሃይማኖት አባቱን አግኝቶ በአክብሮት ማስረዳት የሐኪሙ ሥራ ነው።

ባህል መድኃኒት ሲሆን

ካናዳ ውስጥ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት፣ አልካላይ ሌክ የሚባል የነባር ሕዝቦች መንደር አለ። ሕዝቡ ልጆቹን ተነጥቆ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሲወሰዱበት ቆይቷል። ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተከልክለዋል፣ ብዙዎች ተደብድበዋል፣ ተደፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ መንደሩ ውስጥ የማይጠጣ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የፊሊስና የአንዲ ቼልሲ ትንሽ ልጅ ከእነሱ ጋር ወደ ቤት አልሄድም አለች፤ ስለሚጠጡ። ፊሊስ መጠጥ አቆመች። ጥቂት ቆይቶ ባሏ ተከተላት።

ለብዙ ጊዜ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። በኋላ አንዲ የመንደሩ መሪ ሆነ። ሰው ለሕክምና ሲሄድ ልጆቹን መንደሩ ይጠብቅለት ጀመር፣ ቤቱንም ያድስለት ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን የተረሱት ሥርዓቶች ተመለሱ፤ ሽማግሌዎች ለወጣቶች ማስተማር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አብዛኛው የመንደሩ ነዋሪ መጠጥ አቁሞ ነበር።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ከሕክምና የሚመለሰውን ሰው የጠበቀው ነገር ነው። ሌላ ቦታ ሰው ከሱስ ማገገሚያ ሲወጣ የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ዕዳ፣ ወደዚያው ኩርፊያ ነው። እዚህ ግን የታደሰ ቤት፣ የሚቀበለው ሰውና ቦታ ያለው ማንነት ጠበቀው። ደግሞም ሕመሙን ያመጣው ታሪክ በግልጽ ተነገረ። መጠጡ የመጣው ሕዝቡ ደካማ ስለሆነ አልነበረም። ልጆቹን ተነጥቆ ነበር።

ባህል መሸፈኛ ሲሆን

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። "ሲጠጣ ነው እንጂ እንዴት ያለ ሰው መሰላችሁ!" ይባላል። ዱላውን መጠጡ እንዳነሣው ይታሰባል። መጠጥ ጥቃትን እንደሚያባብስ እውነት ነው። ግን የሚጠጣ ሁሉ አይማታም፤ ከሚማቱትም ብዙዎች ሳይጠጡም ይማታሉ። አለቃው ፊት ሰክሮ እጁን የማያነሣ ሰው ቤት ገብቶ ሚስቱን የሚመታ ከሆነ መምረጥ ይችላል ማለት ነው።

ሕንድ ውስጥ ጎዋ ላይ የተደረገ፣ በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። ሐኪም ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ አማካሪዎች አብዝተው የሚጠጡ ወንዶችን በአጭር ምክር ረዱ። ከ3 ወር በኋላ ምክሩን ካገኙት 36 በመቶው፣ ካላገኙት 26 በመቶው ከአደገኛ አጠጣጥ ወጥተው ነበር። በጣም ጥሩ ነው። በሚስቶች ላይ በሚደርሰው ጥቃት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። በዛምቢያ ደግሞ ባልየው አብዝቶ በሚጠጣባቸውና ጥቃት ባለባቸው ቤቶች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ነበር። እዚያ ምክሩ ለባልም ለሚስትም ተሰጠ። መጠጡን ብቻ ሳይሆን የስሜት ጉዳትን፣ ድብርትንና የሴቷን ደኅንነት አብሮ አየ። መጠጡም ጥቃቱም ቀነሰ። ሁለቱ ጥናቶች በብዙ ነገር ስለሚለያዩ አንዱን ከሌላው ጋር ማፎካከር ልክ አይሆንም። ቢሆንም መጠጡ ሲታከም ጥቃቱም በራሱ ይቆማል ብሎ መቀመጥ እንደማይቻል ያሳያሉ።

ስለዚህ ባለሙያው ሚስትን ለብቻዋ ማነጋገር አለበት። ባሏ ባለበት "ይመታሻል?" ብሎ መጠየቅ ማታ ላይ ዱላ መጋበዝ ነው። ከባድ ጥቃት ባለበት ቤት ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ ማማከር አይመከርም። ቅድሚያው ደኅንነት ነው፤ ማን ጋ ትሄዳለች፣ ሰነዶቿ የት ናቸው፣ ልጆቹን ማን ይይዛል። ታላላቅ ሰዎች ገብተው የሚያስታርቁበት ልማድ ባለበት ቦታም ቢሆን ይህ አይቀየርም። ዕርቅ ብዙ ቤት አድኗል። የተመታችው ሴት "አንቺም አፍሽን ሰብስቢ" ተብላ የተመለሰችበት ዕርቅ ግን ምንም አላዳነም። "ባህላቸው ነው" ብሎ ይህን የሚያልፍ ባለሙያ ባህሉን አላከበረም። በየትኛውም ማኅበረሰብ ውስጥ ዱላን የሚያወግዙ ድምፆች አሉ፤ እሱ ያልሰማቸው እነሱን ነው።

ሱስ ያለባት ሴት ራሷ ስትሆን ደግሞ ኀፍረቱ ይደራረባል። ወንድ ቢጠጣ "ጠጪ ነው" ይባላል። ሴት ብትጠጣ እናትነቷ፣ ክብሯ ይነሣል። ልጆቼን ይወስዱብኛል ብላ ስለምትፈራ ትደብቃለች፤ ሕክምና የምትደርሰውም ዘግይታ ነው። ልጅ የምታስይዝበት ቦታ የሌለው ማገገሚያ ለእሷ የተዘጋ በር ነው።

ካቆመ በኋላ ያለው ቤት

ብዙ ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰውየው ያቆመ ቀን ሁሉም ነገር እንዲስተካከል ነው። በእውነቱ የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበፊቱ ሊከብዱ ይችላሉ። ለዓመታት ገንዘቡን የያዘችው፣ ልጆቹን ያሳደገችው፣ ሁሉን የወሰነችው ሚስት ናት። አሁን እሱ "እኔም አባት ነኝ" ብሎ ይመጣል። እሷ ማመን አልቻለችም። እሱ ደግሞ "ይሄን ሁሉ ታግዬ አሁንም ትፈትሺኛለሽ?" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ለባልና ሚስት ተብሎ የተዘጋጀ፣ ቲሞቲ ኦፋረልና ሌሎች ለዓመታት የሠሩበት ሕክምና ለዚህ አንድ ቀላል ልምምድ አለው። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት እሱ ዛሬ እንደማይጠጣ ይነግራታል። እሷ ታመሰግነዋለች። ያለፈውን ጥፋት ማንሣት፣ ስለ ነገ መሥጋት ለሕክምናው ሰዓት ይቆያል። ባልና ሚስት እንዲህ ፊት ለፊት መነጋገር ባልለመዱበት ቤት ቃሉ ሊያሳፍር ይችላል። ያኔ መልኩ ይቀየራል፤ አንድ የታመነ ዘመድ ባለበት ሊሆን ይችላል፣ አብሮ በመጸለይም ሊሆን ይችላል። ዋናው በየቀኑ የሚታይና የማያጣላ ነገር መኖሩ ነው።

ማገርሸትም ይመጣል። ከሱስ ሕክምና በኋላ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ያገረሽባቸዋል። ይህ እንደ ደም ግፊትና አስም ካሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ጋር የሚቀራረብ ነው። ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ ካወቀ ያገረሸበትን ቀን እንደ ክህደት ብቻ አያየውም። ማን እንደሚደውል፣ ገንዘቡ ማን እጅ እንደሚቆይ፣ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ተነጋግሮ መቆየት ይቻላል። ለልጆቹም በዕድሜያቸው ልክ መንገር ይገባል፦ አባታችሁ ታሟል፣ ያመጣችሁት እናንተ አይደላችሁም፣ ማዳንም የእናንተ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የልጅነት መከራዎች ጥናት ከሱሰኛ ጋር በአንድ ቤት ማደግን በኋላ ዕድሜ ጤናን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።

አንዳንድ ቤት ግን አይጠገንም። መለየት የተሻለ የሚሆንባት ሴት አለች፤ መቆየትን የምትመርጥም አለች። ሁለቱም እርዳታ ይገባቸዋል፣ ሰውየው ሕክምና ቢገባም ባይገባም። ኦርፎርድና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ባለ 5 ደረጃ ዘዴ ለዚህ የታሰበ ነው፦ ማዳመጥ፣ መረጃ መስጠት፣ የመቋቋሚያ መንገዶችን መመዘን፣ በዙሪያዋ ማን ሊደግፋት እንደሚችል ማየት፣ የቀረውን ፍላጎት ወደሚመለከተው መላክ። የሠለጠነ ነርስ ወይም የጤና ባለሙያ በተለመደ የጤና ጣቢያ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው በእሷ ስም የተከፈተ ካርድና የራሷ የቀጠሮ ቀን ነው።